ሬዲዮ ፈቺዎቹ

ፋብሪካው ሬዲዮ መገጣጠም ካቆመ ብዙ ዘመን ሆኖታል። ባለቤቱ ካረፉ በኋላ ሴት ልጃቸው ሥራ አስኪያጅ ሆና፣ ተሠርቶ ያለቀ ዕቃ ከውጭ እያስመጣች ትሸጥ ነበር። የድሮው አዳራሽ መጋዘን ሆኖ ቀረ።

አዲሱ ሕግ የወጣው በዚህ መሃል ነው። የኤሌክትሪክ ዕቃ የሠራም የሸጠም፣ ያገለገለውን ከሕዝቡ መልሶ ይቀበል፤ መርዝ ያለበትን ለብቻ፣ መዳቡን ለብቻ፣ ፕላስቲኩን ለብቻ ለይቶ ያስረክብ፤ ሜዳ ላይ የጣለ ወይም ያቃጠለ ይቀጣል። «ሸጥኩ፣ ተገላገልኩ» ማለት ቀረ። ሱቆች በራቸው ላይ ትልልቅ ሣጥን አቆሙ፤ አሮጌ ይዞ ለመጣ ከአዲሱ ዋጋ ቀነሱ። ሰው ቅናሽ ሲባል መቼ ይተኛል? ከቁም ሣጥን አናት፣ ከአልጋ ሥር አቧራ የጠጣውን ሁሉ እየጎተተ አወጣ። ሱቆቹም የሰበሰቡትን ለሠሪው ላኩ፤ ብዙም ሳይቆይ አዳራሹ እዚያው በተወለዱ ሬዲዮዎች ተሞላ።

ሥራ አስኪያጇ ልጅ ሳለች ከትምህርት ቤት መልስ አባቷን የምትጠብቀው በዚያ አዳራሽ፣ ከገጣጣሚ ሴቶቹ ጠረጴዛ ሥር ቁጭ ብላ ነበር። አሁን «ይሄን ሁሉ ማን ይፈታልኛል?» ብላ ስትጨነቅ እነሱ ትዝ አሏት። አፈላልጋ፣ በሕይወት ያሉትንና ጉልበት የቀራቸውን ጠራቻቸው።

ከመጡት አንዷ ድምቡሼ ነበረች። ስሙ የወጣላት ጉንጯ ሙሉ በነበረበት ዘመን ነው፤ ሥጋው ሄዶ ስሙ ቀረ። በሩ ላይ ስትደርስ የማሽን ዘይቱ ሽታ ተቀበላት። ግድግዳው ላይ ሻርፓቸውን የሚሰቅሉባቸው ሚስማሮች እንኳ አልተነቀሉም። ልቧ እንደ ልጅ ልብ ዘለለ። ቀና ስትል ግን «ረጅሟ» የሚሏትን የድሮ ባልደረባዋን አየቻትና ዝላዩ እዚያው ቆመ።

ሁለቱ ድሮ የአንድ ጠረጴዛ ሰዎች ነበሩ። ድምቡሼ ሽቦውን በይዳ ታሳልፋለች፤ ረጅሟ ተቀብላ ሣጥኑን ትገጥማለች። ምሳቸው አንድ፣ ምስጢራቸው አንድ። ረጅሟ ለድምቡሼ ወንድም ታጭታ ስለነበር «ምራቴ» እየተባባሉ ይሳሳቁ ነበር። ወንድምየው ሾፌር ነበር። ጭነት ይዞ ሌላ ከተማ ወረደና እዚያው ሚስት አገባ። ወሬው በደረሰ ማግስት ረጅሟ መቀመጫዋን ቀየረች። ከዚያ ወዲያ ድምቡሼን እግዜር ይስጥሽ እንኳ ብላት አታውቅም።

«እናንተማ ድሮም አብራችሁ አልነበራችሁ?» አለችና ሥራ አስኪያጇ ምንም ሳታውቅ ፊት ለፊት አስቀመጠቻቸው።

ሥራ ተጀመረ። ረጅሟ ጣሪያውን እያየች፣ «ካቻቢቴውን የሚያቀብለኝ ሰው ቢኖር» አለች።

«ጣሪያው እጅ ካለው ያቀብልሽ» አለች ድምቡሼ። ግን አቀበለቻት።

የገጠመ መፍታት አይከብደውም። ሁለቱም ዓይናቸው ደክሟል፣ ጣታቸው ግን ብሎኖቹ የት እንዳሉ ሳይጠይቅ ይሄዳል። ድምቡሼን ያስቸገራት ሌላ ነገር ነው። አንዱን ሬዲዮ ይዛ ቆየችና ሥራ አስኪያጇን ጠራቻት።

«ልጄ፣ ሳይሰሙት እንዴት ይታረዳል?»

«እትዬ፣ የተመለሰ ዕቃ ተመልሶ አይወጣም። ሕጉ ነው።»

«አይውጣ አለ እንጂ አይሰማ አላለም።»

ሥራ አስኪያጇ ሳቀችና ገመድ አስዘረጋችላቸው። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱ ሬዲዮ ከመፈታቱ በፊት ይሰካል። አብዛኞቹ ዝም ይላሉ። አንዳንዱ እንደ ሽማግሌ ያጉረመርማል። አንድ ቀን ግን አንደኛው ቢጫ መብራቱን አብርቶ ዘፈን ለቀቀ፤ የአዳራሹ እጅ ሁሉ ቆመ። ዘፈኑ የዘንድሮ ነበር፣ ድምፁ ግን ያው ከእንጨት ሣጥን የሚወጣው ወፍራም የድሮ ድምፅ። ሴቶቹ የሞቱትን ጓደኞቻቸውን እያነሱ አንዴ ሳቁ፣ አንዴ ዓይናቸውን ጠረጉ። ረጅሟም ጠረገች።

ሌላ ቀን አንድ ሽማግሌ በከዘራ እየተደገፈ፣ ሬዲዮ በብብቱ ይዞ ገባ። «የሱቁ ሣጥን ሞልቷል፣ ፋብሪካው ይቀበላል ብለውኝ ነው» አለ። የድምቡሼ ወንድም ነበር። እህቱ እዚህ እንደምትሠራ ያውቃል፤ ረጅሟን ግን አልጠበቀም። ሲያያት ከዘራው መሬቱን ፈለገ።

«እንደምን ነዎት?» አላት።

«አንቱ አልከኝ?» አለች ረጅሟ። «አንቺ እያልከኝ አይደል የጠፋኸው?»

እሱ አንገቱን ደፋ።

«በይ እንግዲህ፣ እንደምን ነሽ?»

«ደህና ነኝ። ወልጃለሁ፣ ድሬያለሁ፣ የልጅ ልጅ አይቻለሁ። አንተስ? ሬዲዮ ከምትመልስ ቃልህን ብትመልስ አይሻልህም ነበር?»

መጀመሪያ የሳቀው እሱ ራሱ ነው፤ ጥርስ በሌለው ድዱ። ከዚያ ሴቶቹ ሁሉ ተንጫጩ። ረጅሟ ሬዲዮውን ተቀብላ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ትንሽ ቆሞ «ይቅር በይኝ» አላት፣ ቀስ ብሎ። «እሺ» አለችው፤ እሱም እያነከሰ ወጣ።

ምሳ ሰዓት ላይ ድምቡሼ ዳቦዋን ለሁለት ቆርሳ ግማሹን ለረጅሟ ገፋ አደረገችላት።

«እኔ አላወቅኩም ነበር። አንድ ቃል አልነገረኝም» አለቻት።

«አውቃለሁ። ያኔም አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን?»

ረጅሟ ዳቦውን አንስታ አየችው። «እሱ ሩቅ ነበር። የምጣላው ሰው ፈለግሁ፣ ቅርብ ያለሽው አንቺ ነበርሽ።»

«አይ አንቺ! ስንት ወግ አስቀረሽብኝ።»

«አንዱን ጀምሪልኝ እንግዲህ።»

ድምቡሼም ባሏን እንዴት እንዳገባች ከመጀመሪያው ጀመረችላት፤ የምሳ ሰዓቱ ሲያልቅ ገና ሽማግሌዎቹ ደጃፍ ላይ አልደረሱም ነበር።

ክረምቱ ሳይወጣ የሬዲዮው ክምር አለቀ። በምትኩ ቴሌቪዥን መግባት ጀመረ። እሱን እነሱ አልገጠሙትም፤ መስተዋቱ ውስጥ መርዝ አለ ተብለው ጓንትና ጭምብል አጥልቀው እንደ ተማሪ ተሰልፈው ሠለጠኑ። «ይሄማ ነፍስ የለውም» እያለች ረጅሟ አጉረመረመች። ድምቡሼ ግን ባሏን አግብታ ጨርሳ የመጀመሪያ ልጇ ላይ ደርሳለች፤ ረጅሟም ጭምብሏን ዝቅ አድርጋ «እሺ፣ ከዚያስ?» ትላለች።