የስምንት ቀን የውስኪ አዋቂ

ልብስ ሰፊ ነኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የሰው ትከሻ ስለካ ኖሬ፣ ውስኪ የሚባል ነገር ውስጥ የገባሁት አምና ነው። የገባሁትም በገዛ አፌ ነው።

አንዲት የዓይን ሐኪም ካፖርቷን ለማስጠበብ መጣች። እጅጌውን በስፒል ስይዝላት ጨዋታ አነሳችና፣ ጡረታ የወጡት ባቡር ነጂ አባቷ ሰማንያ ዓመት ሊሞላቸው እንደሆነ፣ ውስኪም እንደሚወዱ ነገረችኝ።

"ጥሩ ጥሩውን ላቀምሳቸው ፈልጌ ነበር፤ ግን ከየቱ እንደምጀምር እንኳ አላውቅም" አለች።

እዚህ ላይ ዝም ብል ምን ነበረበት? ስፒሎቹን ከአፌ አውጥቼ፣ "ውስኪ ከሆነ ለኔ ይተዉት ዶክተር" አልኩ።

"ታውቃለህ እንዴ?"

"ኧረ ምን ነካዎት!"

የማውቀው ቢራ ብቻ ነበር፤ እሱንም ቀዝቃዛና ሙቅ ብዬ ነው የምለየው። ግን አርባ ሦስት ዓመት የሞላው ወንደላጤ፣ አንዲት ሴት ፊቷን አብርታ ስታየው የማያውቀው ነገር የለም።

"እንግዲያው ሦስት ዓይነት ምረጥልኝ። የዛሬ ስምንት ቀን፣ በልደታቸው፣ መጥተህ አንተው ታስረዳናለህ" ብላኝ ሄደች።

አብራኝ የምትሠራው ታላቅ እህቴ ካውያውን አቁማ አየችኝ። "አንተ፣ ውስኪ የት ታውቃለህ?"

"እታለም፣ ስምንት ቀን አለኝ። እማራለሁ።"

"የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም" አለችና ወደምትተኩሰው ሱሪ ተመለሰች።

በማግስቱ ጠዋት፣ ሰፈርተኛው "ፕሮፌሰር" ወደሚለው መጠጥ ሻጭ ሄድኩ። መነጽሩን በክር አንገቱ ላይ ያንጠለጠለ ቀጭን ሰው ነው። ኮራ ብዬ፣ "እስካሁን ያልሞከርኳቸው ካሉ ብዬ ነው" አልኩት።

"የሞከርካቸውስ የትኞቹ ናቸው?"

መደርደሪያውን ቃኘሁና ወርቃማ የሆነውን ጠቆምኩ። "ለምሳሌ ያኛው።"

"እሱ የወይራ ዘይት ነው" አለ ፕሮፌሰር።

ሳይስቅብኝ መቅረቱ ነው የባሰ ያሳፈረኝ። ሦስት ትንንሽ ጠርሙሶች አወረደ። "ከቀላሉ ጀምር። ይሄ ለስላሳ ነው፤ ማርና ቫኒላ ይሸታል። ሁለተኛው የወይን ጠጅ በነበረበት በርሜል ውስጥ ያረፈ ነው። የሦስተኛው ብቅል በጭስ የደረቀ ስለሆነ መጨረሻ ላይ አድርገው፤ ካስቀደምከው ሌላውን አያስቀምስህም። መጀመሪያ አሽትት። አፍህ ውስጥ ትንሽ አቆየው። ከዚያ ጥቂት ጠብታ ውሃ ጨምረህ ድገም። የተሰማህን ጻፍ፤ የሰው አትገልብጥ።"

የደንበኞቼን ልክ በምጽፍበት ደብተር ጀርባ ላይ ጻፍኩ። የመጀመሪያው ቀን ማስታወሻዬ ይኸውላችሁ፦ አንደኛው፣ ያቃጥላል። ሁለተኛው፣ ይሄም ያቃጥላል። ሦስተኛው፣ ራሱ ተቃጥሎ ያቃጥላል።

በአራተኛው ቀን አንደኛው ላይ ውሃ ጠብ ባደርግ ማር ማር አለኝ፤ ፕሮፌሰሩ ስለነገረኝ ይሁን አይሁን እንጃ። በአምስተኛው ቀን ግን ማንም ሳይነግረኝ ከሁለተኛው ውስጥ አንድ ነገር ብቅ አለ።

"እታለም፣ ዘቢብ!" ብዬ ጮህኩ።

"የት?" ብላ ወለሉን ማየት ጀመረች።

ሦስተኛውን እንድታሸተው ሰጠኋት። ብርጭቆውን ወርውራልኝ የካውያው ገመድ ተቃጥሎ እንደሆነ ልታይ ሮጠች።

በሰባተኛው ቀን ልቤ አብጦ፣ ለደንበኛ የማሳየውን ሱፍ ሳይቀር አሽትቼ ጭንቅላቴን እነቀንቅ ነበር። በስምንተኛው ቀን ጉንፋን ይዞኝ ተነሳሁ። አፍንጫዬ በሲሚንቶ የተደፈነ ነው የሚመስለው። ያም ሆኖ፣ ምርጡን ክራቫቴን አስሬ፣ ሦስቱን ውስኪዎችና ደብተሬን ይዤ ሄድኩ።

ሳሎኑ በዘመድ ሞልቷል። ዶክተሯ ሥራ ላቅልልህ ብላ ሦስቱንም ማዕድ ቤት ለሁሉም በሦስት ረድፍ ቀድታ በትሪ አቀረበች። የለስላሳውና የጭሱ መልክ አንድ ነው፤ ተራውን ደግሞ አልነገርኳትም። ከዳር ካለው ረድፍ አንዱን ብድግ አደረግኩ፤ ሌሎቹም ተከተሉኝ።

"ከቀላሉ እንጀምራለን። አባባ፣ ያሽትቱ እስቲ። ማር ነው። ቫኒላ ነው። ሲወርድ እንደ ሐር ነው።"

ሽማግሌው አሸተቱና አንገታቸውን ወደ ኋላ መለሱ። አክስቷ ሳል ያዛት። አንዱ አጎት ተነስቶ መስኮት ከፈተ።

"ማሩ አሯል እንዴ?" አለ ሌላው።

እኔም በትዕግሥት፣ "ለጀማሪ እንዲህ ነው፤ ቀስ እያለ ይገባችኋል" አልኳቸው። አዎ፣ ብያለሁ።

"ልጄ፣ አፍንጫህ ደህና ነው?" አሉኝ ሽማግሌው።

"ደህና ነው አባባ" ብዬ ሳልጨርስ፣ ብርጭቆው ከእጄ እስኪወድቅ አነጠስኩ።

ከዚያ በኋላ መዋሸት ለራሴም ሰለቸኝ። "ውስኪ ካወቅኩ ገና ስምንት ቀኔ ነው" አልኩ። "ዛሬ ደግሞ ምንም አይሸተኝም። የቱን እንዳቀመስኳችሁም አላውቅም።"

ዶክተሯን ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ። የሰማሁት የአባቷን ሳቅ ነው። ዕንባቸውን እየጠረጉ ደብተሬን ተቀበሉና ለዘመዱ ሁሉ ጮክ ብለው አነበቡት። "ያቃጥላል" ላይ ሲደርሱ ልጃቸውም መሳቅ ጀመረች።

"እኔስ መቼ አውቃለሁ?" አሉ ሳቁ ሲበርድላቸው። "ሠላሳ ዓመት የጠጣሁት አንድ ዓይነት ብቻ ነው። እናቷ ነበረች የምትገዛልኝ። ካረፈች ወዲህ ሌላ መቅመስ እሷን መክዳት እየመሰለኝ ተውኩት።" ብርጭቋቸውን አንስተው ያንን ጭሳም ነገር ደግመው ቀመሱ። "ሲሻልህ ና። አብረን እንማራለን።"

ተሻለኝና ሄድኩ። ይኸው ዓመት ሊሞላን ነው፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አንድ አዲስ ዓይነት እንቀምሳለን፣ ለየብቻ እንጽፋለን፣ ከዚያ እንከራከራለን። ባለፈው ሳምንት እሳቸው የብርቱካን ልጣጭ ነው አሉ፤ እኔ ደግሞ አዲስ ቆዳ ነው ብዬ ሞቼ ተገኘሁ። ዶክተሯ የምታነበውን መጽሐፍ አስቀምጣ መጣችና አንዴ አሸተተች።

"ቅርንፉድ ነው" አለች፤ ተመልሳም ወደ ንባቧ ገባች።

እኛ ሁለት ሊቃውንት ተያየን። ብርጭቆአችንን እንደገና ወደ አፍንጫችን አስጠጋን። ቅርንፉድ ነበር።