የጉኑኖው ተከሳሽ

ዳኛው ቀጠሮውን ለዓርብ ሲያደርጉት ዕለቱ ሰኞ ነበር። «አባትሽ ቀድሞ ተሟግቶ ከረታ የፍርዱን ግልባጭ ይዘሽ ቅረቢ። ካላቀረብሽ ክርክሩ እንደ አዲስ ይቀጥላል» አሉኝ። እንደ አዲስ መቀጠል ምን ማለት እንደሆነ ችሎቱ ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ገብቶታል። ከሳሹ ጉልላት ደገፉ ጉኑኖ ያለው መሬታችን የአባቱ ርስት ነው፣ የሞተው አባቴ ኤርካሎም ጭሰኛ ነበር፣ ስለዚህ እናቴ መሬቱን ለቃ ትውጣልኝ ነው የሚለው። በእኛ በኩል ቆሞ የሚመሰክር ጎረቤት ደግሞ አልነበረንም። ቶማ የሚባለው ጎረቤታችን ከሞተ ቆይቷል፣ ልጆቹ ርቀው ዲምቱ ሰፍረዋል፣ የቀሩት በሙሉ የጉልላት ጭሰኞች ናቸው።

አባቴ ከጉልላት አባት ከፊታውራሪ ደገፉ ጋር ተከራክሮ መሬቱ የራሱ መሆኑ የተፈረደለት በ1945 ዓ.ም. ነው። ሕፃን ብሆንም የዚያን ቀን የቤታችንን ደስታ አስታውሳለሁ። አባቴ በሣጥን ቆልፎ ለማንም ሳያሳይ ያኖራቸው የፍርዱ ግልባጭና የግብር ደረሰኞቹ ግን አምና ቤቱ ሲቃጠል አብረው ነደዱ፤ አባቴም ከዚያ ወዲህ ብዙ አልቆየም። ጉልላት ይህን ሁሉ ጠንቅቆ ያውቃል። የአባቴ አፈር ሳይደርቅ የከሰሰንም ለዚህ ነው።

እናቴ ሚርያም ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ዳኛውን ትታ እኔን ታያለች። አማርኛ በደንብ አትሰማም። «ምን አለ?» አለችኝ በወላይትኛ።

«ወረቀት አምጡ ነው ያሉት። አመጣለሁ» አልኳት።

እውነቴን ነው፣ የማመጣ መስሎኝ ነበር። ሶዶ ውስጥ አስተማሪ ነኝ፤ ማንበብ ለሚችል ሰው መዝገብ ማግኘት ምን ያቅታል ብዬ በኩራት መዝገብ ቤት ገባሁ። የመዝገብ ቤቱ ሹም አቶ ሐብተማርያም መነጽራቸውን ግንባራቸው ላይ ሰቅለው፣ በሲባጎ የታሠሩ ፋይሎች መሐል ተቀምጠዋል።

«የመዝገብ ቁጥር?» አሉኝ ቀና ሳይሉ።

«የለኝም።»

«በማን ስም ነው?»

«ኤርካሎ ሻንካ፣ የጉኑኖ። ዘመኑ አርባ አምስት።»

መጀመሪያ ማመልከቻ ጻፊ አሉኝ፤ ጻፍኩ። ቴምብር ለጥፊበት አሉኝ፤ ለጠፍኩ። ዳኛው «ተፈልጎ ይሰጣት» ብለው እስኪመሩበት ድረስ በረንዳው ላይ ቆሜ ዋልኩ። ከዚያ በኋላ ነው ወፍራሙን የስም ማውጫ አውጥተው፣ ጣታቸውን ምራቅ እያስነኩ ገጹን መግለጥ የጀመሩት። እስከ መጨረሻው ሄዱና ዘጉት።

«ኤርካሎ የሚባል የለም።»

«እንደገና ይዩልኝ።»

«ወይዘሪት፣ ዓይኔ ደህና ነው።»

ደሜ ፈላ። «ታዲያ አባቴ ይህን ሁሉ ዓመት በሕልሙ ፍርድ ሰምቶ ነው መሬቱ ላይ የኖረው?» ብዬ ጮኽኩ። አቶ ሐብተማርያም ግን አልተቆጡም፤ እንዲያውም የአርባ አራትንና የአርባ ስድስትን ማውጫ ጨምረው አዩልኝ። ባለመቆጣታቸው ይበልጥ አናደዱኝ። በሁለቱም ኤርካሎ የለም።

ማክሰኞ ከመዝገብ ቤት ስወጣ ጉልላት ግቢው ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። ኮፍያውን ብድግ አድርጎ ሰላምታ ሰጠኝ። «መምህርት፣ ምን ጠፋብሽ? ሰው ልጨምርልሽ?» አለኝ፤ አጠገቡ ያሉት ሳቁ። የምመልሰው አላጣሁም፤ ግን አልፌው ወጣሁ። ሌሊቱን እናቴ እንሰቷን፣ ጓሮዋን፣ የአባቴን መቃብር እየጠራች ስታለቅስ ሰማኋት፤ የተኛሁ መስዬ ተሸፋፈንኩ።

ረቡዕ ጠዋት ገና በሩ ሲከፈት ገባሁ። አቶ ሐብተማርያም ሲያዩኝ ተነፈሱ። «አንድ ነገር ልጠይቅሽ። አባትሽ ከሳሽ ነበር ወይስ ተከሳሽ?»

«ምን ልዩነት አለው?»

«ማውጫው የሚሠራው በከሳሹ ስም ነዋ!»

በቤታችን ነገሩ ሁልጊዜ «የኤርካሎ ክርክር» ነው የሚባለው። አባቴ ረትቶ ስለመጣ የከሰሰውም እሱ ይመስለን ነበር እንጂ፣ ማን ቀድሞ ማንን ፍርድ ቤት እንዳቆመ የጠየቀ ሰው አልነበረም። «ከሳሹ ፊታውራሪ ደገፉ ነበሩ ማለት ነው» አልኩ በቀስታ።

የፊታውራሪ ደገፉን ስም ስንከፍት ደግሞ ሌላ ጣጣ መጣ። ሰውየው በዚያ ዘመን ያልከሰሱት ሰው የለም። የተከሳሾቹን ስም አንድ በአንድ አነበብኩ፤ ኤርካሎ ግን የለም። እንባዬ መጣ። ደግሜ ስጀምር ስሞቹን ተውኩና የተከሳሾቹን አገር ማየት ያዝኩ። ከዚያ ሁሉ ሰው የጉኑኖ የተባለው አንድ ብቻ ነው። «ወልደመስቀል፣ የጉኑኖ ሰው» ይላል፤ የአባቱ ስም አልተጻፈም።

«ይህን ያውጡልኝ» አልኩ።

ፋይሉ አቧራውን አራግፎ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ። የመሬቱን አዋሳኝ ፈልጌ አነበብኩ፦ በምሥራቅ የቶማ ማሳ፣ በምዕራብ ምንጭ፣ በሰሜን ወደ ገበያ የሚወስደው መንገድ፣ በደቡብ የከሳሹ የራሱ ይዞታ። የተወለድኩበት ቤት ነው! መጨረሻው ገጽ ላይ መሬቱ የተከሳሹ ርስት መሆኑ ተረጋግጦ ከሳሹ እጁን እንዲሰበስብ ተፈርዷል። አንጀቴ ራሰ፤ አቶ ሐብተማርያምን አቅፌ ልስማቸው ምንም አልቀረኝ።

እሳቸው ግን ፊታቸውን አልፈቱም። «ግልባጩ ነገ ተተይቦና ማኅተም ተመትቶ ይደርስልሻል። ግን እዚህ የተጻፈው ወልደመስቀል ነው። አባትሽ ኤርካሎ ነው። አንድ ሰው መሆናቸውን በምን ታስረጃለሽ?»

እናቴን በረንዳው ላይ አግኝቼ ወልደመስቀል ማን እንደሆነ ጠየቅኋት። «እንደዚህ የሚባል ሰው አላውቅም። ባሌ ኤርካሎ ነው» አለች ተቆጥታ። ነገሩን ሳስረዳት ቁጣዋ ወደ ሐሳብ ተለወጠ። አባቴ ሳያገባት በፊት፣ በወጣትነቱ፣ በፊታውራሪ ግቢ ሲያገለግል ኖሯል። በኋላ ወንጌላውያኑ ጋር ገብቶ ሲያገባት «የድሮውን ትቻለሁ» ብሏት ነበር፤ እሷም የተወው መጠጡን መስሏት አልጠየቀችውም። እዚያ ግቢ ክርስትና ተነስቶ ወልደመስቀል ተብሎ ከነበረ ይህን የሚያውቅ በሕይወት የቀረ አንድ ሰው ብቻ ነው፤ የፊታውራሪ ሚስት፣ ወይዘሮ የማርያምወርቅ። የጉልላት እናት።

ሐሙስ ጉልላት ሶዶ ካለው ቤቱ መውጣቱን አይቼ ገባሁ። ወይዘሮ የማርያምወርቅ በረንዳ ላይ ተቀምጠው በርበሬ ይቀነጥሳሉ።

«እትዬ፣ ወልደመስቀል ማን ነው?»

እጃቸው ቆመ። «ማን ልኮሽ ነው?»

«ማንም። የኤርካሎ ልጅ ነኝ።»

«መሆንሽንማ አይቻለሁ፤ ግንባርሽ የሱ ነው» አሉና በርበሬውን እንደገና ያዙ። ጥቂት ቀንጥሰው፣ «ይህ የተቀመጥኩበት ቤት የማን ነው?» አሉኝ።

«የእርስዎ ነዋ።»

«የጉልላት ነው። የምለብሰውም፣ የምበላውም የጉልላት ነው። ሂጂ ልጄ። ሳያገኝሽ ሂጂ።»

መለመን ሲገባኝ ተናደድኩ። «እንግዲያው ዛሬውኑ መጥሪያ ይደርስዎታል፤ ነገ መስቀሉን ይሳሙና ይዋሹ!» አልኳቸው። ቃሉ ከአፌ ከመውጣቱ አፈርኩ፤ ግን ዞሬ ይቅርታ አልጠየቅሁም። በቀጥታ ፍርድ ቤት ሄጄ ለምስክርነት እንዲጠሩልኝ አመለከትኩ።

ዓርብ ችሎቱ ጢም ብሎ ሞላ። ማኅተም የተመታበትን ግልባጭ ሰጠሁ። ዳኛው አንብበው ለጉልላት አሳዩት፤ እሱም ከተዘጋጀበት ቆይቷል። «ጌታዬ፣ ወልደመስቀል የሚባል ሰው በእርግጥ ነበረን። ከሞተ ብዙ ዘመኑ ነው። ኤርካሎ ግን ሲሞት የቀበሩት የሚሲዮን ሰዎች ናቸው፤ የሚሲዮን ሰው ከየት አምጥቶ ነው ወልደመስቀል የሚባለው?» አለ። ሰው ሳቀ። ዳኛውም ወደ እኔ ዞረው፣ «ምን ትያለሽ?» አሉ። «ያስጠራኋቸው ምስክር ይግቡልኝ» አልኩ። የእናቴን ትከሻ ያዝኩ።

የወይዘሮ የማርያምወርቅ ስም ተጠራ። በዘንግ ተደግፈው ገቡ። መስቀሉን ተሳልመው ማሉ። ዳኛው፣ «ኤርካሎ ሻንካ የሚባለውን ሟች ያውቁታል?» ብለው ጠየቁ።

እሳቸው ሳይመልሱ ጉልላት ብድግ አለና፣ «ጌታዬ፣ እናቴ አርጅታለች፤ ትረሳለች» አለ።

«አልረሳሁም» አሉ እሳቸው።

ከዚያም ልጃቸውን ትኩር ብለው እያዩ፣ ለዳኛው መለሱ። «ኤርካሎ የምትሉት ወልደመስቀል ነው። ክርስትና ያነሳው ባሌ ነው፤ ማተቡን ገምጄ ያሰርኩለት እኔ ነኝ። በግቢያችን ኤርካሎ ብሎ የጠራው ሰው የለም። የክርስትና ልጃችን ነው እኮ! ፊታውራሪ ሊከሰው ሲነሳ ነውር ነው ብዬ እግሩ ላይ ወድቄ ነበር፤ አልሰማኝም። ተረትቶም ገባ። አንተም ያን ጊዜ ከቤቱ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብለህ ሰምተሃል፣ ጉልላት።»

ዳኛው ጥቂት ጻፉና ነገሩ ቀድሞ በፍርድ ያለቀ ስለሆነ ክሱ መዘጋቱን አስታወቁ። ለእናቴ ስተረጉምላት መጀመሪያ ስለ መሬቱ አልጠየቀችኝም። «ወል-ደ-መስቀል» አለች እየቆራረጠች። «ለኔ ለምን አልነገረኝም?» አለችና አለቀሰች። አቅፌያት እኔም አለቀስኩ፤ መሬቱ የእኛ ነው፣ የእኛ ነው እያልኩ።

ስንወጣ ጉልላት እናቱ አጠገብ ሲደርስ አልቆመም፤ በቅሎው ላይ ወጥቶ ሄደ። ወይዘሮ የማርያምወርቅ ግቢው መሐል ብቻቸውን ቀሩ። ሮጬ ጉልበታቸውን ልስም ጎንበስ ስል በዘንጋቸው ገፋ አደረጉኝ።

«አታመስግኚኝ። አንቺን ወድጄ መሰለሽ? ዛሬም የማድረው እሱ ቤት ነው።»

ሳምንቱን ሙሉ ስለ ቁጥር፣ ስለ ስም፣ ስለ ማኅተም ሳስብ ከርሜ እኚህ ሴት ከመሰከሩ በኋላ የት እንደሚገቡ ለአፍታ እንኳ አላሰብኩም። እሳቸውም መንገዱን ጀመሩ።

እናቴ ቀረብ አለችና፣ «ወዴት ይሄዳሉ?» አለችኝ። ነገርኳት። እንባዋን በነጠላዋ ጠርጋ፣ ነጠላዋን ወገቧ ላይ ጠበቅ አድርጋ ተከተለቻቸው፤ ደርሳም ክንዳቸውን ያዘች።

«እትዬ ብቻውን አይገባም» አለች በዚያ በተሰባበረ አማርኛዋ።

«ተመለሺ፤ ከደጄ ያባርርሻል» አሏት።

«ከመሬቴ ማባረር አልቻለም» አለች እናቴ። «ከደጁ ያባርር እስቲ።»

ሁለቱም ወደ ጉልላት ቤት አቀበቱን ያዙት። እኔም ከኋላቸው ሄድኩ።