ነጎድጓድ ስቅ ያላት ዕለት

ሙዚቀኞቹ «ነጎድጓድ» ነው የሚሏት። ሠላሳ ዓመት ከበሮ ስትመታ እጇን የሚፈታተን ነገር አልገጠማትም ነበር፤ ታናሽ እህቷ ኮምፒውተሯን ተሸክማ እስክትመጣ ድረስ።

ኮምፒውተሩ ከበሮው አጠገብ በተተከለ ማይክሮፎን ያዳምጣል። የከበሮው መሃል ሲመታ ግድግዳው ላይ በብርሃን ትልቅ ሰማያዊ ክብ ይስላል፤ ጠርዙ ሲነካ ቢጫ ወፎች ይበትናል፤ በየመሃሉም የራሱን ደወል ያቃጭላል። ለሙዚቃ ዝግጅት በእህቷ ሳሎን ሁለት ወር ሲለማመዱ ግን ሁሌ ወደኋላ ይጎተት ነበር።

«እኔ ጨርሼ ላቤን ስጠርግ እሱ ገና ወፍ ይለቃል» ትላለች ነጎድጓድ።

«ታገሺው እትዬ፣ እየለመደ ነው።»

የዝግጅቱ ዕለት ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ጢም ብሎ ሞላ። ነጎድጓድ ምሳዋን በጥድፊያ ጎራርሳ ነበርና፣ ዝግጅቱ ሊጀመር ሲል የአዳራሹ መብራት ጠፍቶ የከበሮ ዱላዎቿን ስታነሳ ስቅ አላት።

ግድግዳው ላይ አንዲት ቢጫ ወፍ ብቅ አለች።

ደግሞ ስቅ ሲላት ሁለት ወፍ፣ ከነደወሉ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቁ አመለጠው፤ ወዲያው አዳራሹ በሳቅ አውካካ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት ወደደች። ዞር ብላ ብታይ እህቷም ሆዷን ይዛ በሳቅ ትንፈራፈራለች። ያን ጊዜ ሳቁ እሷንም አሸነፋት። ከበሮውን በስቅታው ዙሪያ ታስሮጠው ጀመር፤ ስቅታው ሊመጣ ሲል እጇን ሰብሰብ ታደርግለታለች፣ እሱም ክፍተቱ ውስጥ ዘው ይላል። ማሽኑም ለመጀመሪያ ጊዜ እግር በእግር ተከተላት።

ይሄኔ እናታቸው ከፊት ወንበር ተነስተው ውሃ ይዘው መድረክ ላይ ወጡ።

«ጠጪ ልጄ፣ ትንፋሽሽ ሊቆረጥ ነው።»

እጇ ሥራ ላይ ስለሆነ ራሳቸው አጠጧት። ጉርጉርታው ማይክሮፎኑ ውስጥ ገብቶ ግድግዳውን በወፍ መንጋ አጥለቀለቀው። እናትየው ቀና ብለው አዩ። ብርጭቆውን በቀለበታቸው ቃጭ አደረጉት። ወፍ ወጣች። ደገሙት።

«እማዬ፣ ውረጂ እንጂ» አለች ታናሽየው በሹክሹክታ።

«ቆይ አንቺ፣ እኔንም እየሰማኝ ነው።»

እናትና ልጅ በከበሮና በብርጭቆ ሲቀባበሉ ስቅታው መቼ እንደለቀቃት ነጎድጓድ አላወቀችም። ሕዝቡ ቆሞ ሲያጨበጭብ ጭብጨባውንም ማሽኑ ሰማው፤ ግድግዳው ቢጫ በቢጫ ሆነ።

ሰው ከወጣ በኋላ ሦስቱም መድረኩ ጫፍ ላይ እግራቸውን አንጠልጥለው ተቀመጡ። ሳቁ ለቀቅ ሲያደርጋቸው እናትየው ነጠላቸውን አስተካከሉና ጠየቁ፤

«ነገ ልምምዱ በስንት ሰዓት ነው?»