ልጅ የሌለበት ፎቅ

ስለ ራሴ አንድ ነገር ላስቀድም፤ ቁጡ ነኝ። ትንሽ ነገር ደሜን ያፈላዋል። እንዲህ ያለችውን ሴት በየቤቱ እየዞረች ሕፃናት እንድትመዘግብ መቅጠሩ የሰፈራችን ጽሕፈት ቤት ጥፋት እንጂ የእኔ አይደለም።

ነገሩ የጀመረው የክልሉ ምክር ቤት ባጸደቀው ደንብ ነው። ከአራት ዓመት በታች ልጅ ያለው ወላጅ ለሕፃናት ማቆያ የሚከፍለው ከገቢው አንድ አሥረኛ እንዳይበልጥ፣ የቀረውን መንግሥት እንዲሸፍን ይላል። ወረቀቱን ቢሮ ውስጥ ቆሜ አነበብኩት። ደግሜ አነበብኩት። ሦስተኛውን ስጀምር ፊደሉ ተደበላለቀብኝ፤ ለካ እንባዬ መጥቷል። በሰፈራችን ያለችው አንዲት የግል ማቆያ የምትጠይቀው ከደመወዜ ግማሽ በላይ ነበር። አይተውኝ የማያውቁ ሰዎች አንድ አዳራሽ ተቀምጠው፣ የእኔን ጭንቅ አንስተው ተከራክረው፣ እጃቸውን አወጡልኝ ማለት ነው? እንዲህ ያለ ነገር በሕልሜም አስቤ አላውቅም።

አንድ ቅድመ ሁኔታ ግን ነበረው። በአንድ ሰፈር ማቆያ የሚከፈተው አርባ ሕፃናት ከተመዘገቡ ነው። እስከ ዓርብ ማታ አርባ ካልሞላ ዕድሉ ለሌላ ሰፈር ያልፋል፤ ተራው ተመልሶ የሚደርሰን ከሁለት ዓመት በኋላ ነው። እኔ እስከ ረቡዕ ድረስ ጫማዬ እስኪያልቅ ዞሬ ያገኘሁት ሃያ አምስት ብቻ ነበር። ያልገባሁበት አንድ ፎቅ ቀረኝ። እሱም እኔ ራሴ የምኖርበት ነው።

ፎቃችን ሦስት ደርብ፣ ሃያ አራት ክፍል ነው። ባለቤቱን ሁላችንም "ባለ ፎቁ" እንለዋለን፤ ምድር ቤት ይኖራል፤ ጸጥታ ይወዳል። በኪራይ ውላችን አራተኛው ተራ ላይ "ልጅ ይዞ መግባትም ሆነ መውለድ ክልክል ነው" ይላል። መውለድ! እኔ ሳነበው ስቄ ነበር፤ የፈረምኩት ግን ሳልስቅ ነው፤ በአቅሜ ሌላ ክፍል አልነበረማ። ሰውየው ለእንግዶቹ "እኔ ቤት ዝንብ ስትበር ይሰማል" እያለ ይኩራራል። እውነቱን ነው። ደረጃው ላይ ኮሽታ የለም፤ ሰገነቱ ላይ የሚሰጣው ልብስ ሁሉ የትልቅ ሰው ልብስ ነው።

እኔ ግን ልጅ አለችኝ። ወደዚያ ቤት የገባችው በስድስት ወሯ፣ በልብስ ቅርጫት ውስጥ፣ በብርድ ልብስ ተሸፍና ነው። አሁን ሦስት ዓመት ከሁለት ወሯ ነው። በካልሲ ትሄዳለች። የምትጫወተው በጨርቅ ቁርጥራጭ ነው፤ ጨርቅ ቢወድቅ አይሰማም። የምታወራው በሹክሹክታ ነው። ሳቅ ሲመጣባት ሮጣ ሄዳ ትራስ ላይ ትደፋና እዚያ ውስጥ ትስቃለች። አባቷ መንገድ ሥራ ላይ ስለሆነ በሁለት ወር አንዴ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ጠዋት ቆልፌባት እወጣለሁ፤ ምሳ ሰዓት እየበረርኩ መጥቼ አበላታለሁ፤ ደግሞ ቆልፌባት እሄዳለሁ። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ፤ ግን ያደረግኩት ይኸው ነው።

ለዚህ ሁሉ የረዳን ደግሞ የዘበኛው ሳል ነበር። በሩ ላይ የሚቀመጡት ሽማግሌ ሁልጊዜ ስለሚያስሉ ስማቸው "ጋሽ ሳል" ሆኖ ቀርቷል። ባለ ፎቁ ወደ ደረጃው ሲያመራ ሳላቸው ይነሳል። የሰውየው ሽቶ ጉሮሯቸውን የሚቆጠቁጣቸው ይመስለኝ ነበር፤ ዕድሌን እያመሰገንኩ ልጄን "ጋሽ ሳል ሲያስሉ ጭጭ፣ አልጋ ሥር!" ብዬ አስተማርኳት። እንዲያውም አንድ ጊዜ አዝኜላቸው የሳል ሽሮፕ ገዝቼላቸዋለሁ።

ሐሙስ ጠዋት መዝገቤን ይዤ የጎረቤቶቼን በር አንኳኳሁ። "ልጅ አለ?" "የለም።" "ልጅ አለ?" "ኧረ የለም!" ከእኔ ክፍል አጠገብ የምትኖረው ነርስ በሩን በጣት ስፋት ከፍታ "ልጅ? እዚህ ቤት? ምን ነካሽ አንቺ?" አለችና ፊቴ ላይ ዘጋችው። ደሜ ፈላ። ሃያ ሦስቱም በር "የለም" አለኝ። የራሴ ክፍል ተራ ሲደርስ እስክሪብቶዬን ይዤ ቆምኩ። መዝገቡ የመንግሥት ነው፤ ግን ጽሕፈት ቤቱ በር ላይ ይለጠፋል፤ ባለ ፎቁም ማንበብ ይችላል። እኔም "የለም" ብዬ ጻፍኩ።

ወርጄ ጋሽ ሳል አጠገብ አግዳሚው ላይ ዘፍ አልኩ። መዝገቡን ተቀብለውኝ መነጽራቸውን አስተካክለው በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡት። ጣታቸው የእኔ ክፍል ላይ ቆመ።

"ይቺ ውሸት ናት" አሉ።

ምድር ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። "ማን ነገረዎት?"

"ልጄ፣ ቆሻሻችሁን የምደፋው እኮ እኔ ነኝ። ዳይፐሩን በጋዜጣ ብትጠቀልሉት ሽታው ይጠቀለላል እንዴ?" ሳቅ አሉ። ቀጥለው ጣታቸውን ወደ ላይ መለሱት። "ይቺም ውሸት ናት። ይቺም። ይቺ ሁለት አላት። ይቺ ያንቺ ጎረቤት ነርሷ፣ መንታ ነው ያላት፤ ሌሊት እሷ ሥራ ስትሄድ ባልየው ይጠብቃቸዋል፤ ቀን ባልየው ሲሄድ እሷ ሳትተኛ ትውላለች። ይቺኛዋ እንዳንቺው ቆልፋ ነው የምትወጣው።"

እሳቸው ሲያወርዱ እኔ በጣቴ ቆጠርኩ፤ ጣቴ አልበቃኝም። አሥራ አራት ክፍል። አሥራ ሰባት ልጅ። እጄን አፌ ላይ ጫንኩ። ሁለት ዓመት ከምናምን በአንድ ደረጃ ስንወጣና ስንወርድ፣ በአንድ ቧንቧ ውሃ ስንቀዳ ኖረናል። እያንዳንዳችን ይህ ጉድ የራሳችን ብቻ መስሎን እርስ በርሳችንም ተደባብቀናል። ቀና ብዬ ፎቁን አየሁት። ያው የማውቀው ግድግዳ፣ ያው የተዘጋ መስኮት ነው። ከእያንዳንዱ መስኮት ኋላ ግን አንድ ትንሽ ሰው በካልሲ ቆሟል።

"ታዲያ ሳሉስ?" አልኩ።

"ጤነኛ ነኝ። ያን ሽሮፕሽንም ሳልከፍተው አስቀምጬዋለሁ፤ ከፈለግሽ ውሰጂው።"

እኔ ግን ያሰብኩት ሌላ ነው። አሥራ አራት ክፍል ሰው ልጁን ይዞ በአንድ ቀን ግቢው ውስጥ ቢወጣ ባለ ፎቁ ምን ያደርጋል? ሁሉን ሊያባርር አይችልም። አንዱን ብቻ ግን ሳይውል ሳያድር ያባርረዋል። አንድ ሰው መቅደም አለበት ማለት ነው።

"እኔ ብወጣ ሌሎቹ ይከተሉኛል?"

"እሱን አላውቅም" አሉ ጋሽ ሳል። "ሄጄ እነግራቸዋለሁ። ከዚያ ወዲያ የእናት ልብ ነው።"

ያን ቀን ማታ በየበሩ ሲያንኳኩ ሰማሁ። ማን ምን እንዳላቸው ግን አልነገሩኝም።

ዓርብ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ልጄን አጠብኳት፤ ከሳጥን ሥር ጫማዋን አወጣሁ። ገዝቼላት አድርጋው የማታውቀው፣ ሶሉ ጠንካራ የሆነ ጫማ ነው።

"እማ፣ ኳ ኳ ይላል እኮ" አለችኝ በሹክሹክታ።

"ይበል።"

እጇን ይዤ ወጣሁ። ደረጃውን በእግሯ ወርዳው አታውቅም፤ ስለዚህ እያንዳንዱን እርከን ቆማ ታየውና ሁለት እግሯን ታሳርፍበታለች። ኳ። ኳ። ድምፁ ሦስቱንም ደርብ ሞላው። አንድም በር አልተከፈተም። ግቢው ውስጥ ባለ ፎቁ ባርኔጣውን አድርጎ አበባ ውሃ ያጠጣ ነበር። ጋሽ ሳል ቦታቸው ላይ ናቸው። እሳቸው መሆናቸውን በጆሮዋ ስነግራት ልጄ ቀሚሴን ጎተተችው።

"ለምን አላሳሉም?"

ባለ ፎቁ ዞረ። ውሃ ማጠጫው ጫማው ላይ እየፈሰሰ ነው፤ አላወቀውም። "ይቺ ማን ናት?"

"ልጄ ናት። እርስዎ ቤት ነው ያደገችው" አልኩት።

"ውል አለን እኮ!"

"አለን።"

"እንግዲያው ዛሬውኑ..." ብሎ ጀመረ። እኔ ግን አልሰማሁትም። የምሰማው ከጀርባዬ ያለውን ደረጃ ነው። ጭጭ ብሏል። በቃ፣ ብቻዬን ቀረሁ አልኩ በልቤ፤ ዛሬ ማታ ዕቃዬን ጎዳና ላይ እደረድራለሁ። ያም ሆኖ አግዳሚው ላይ መዝገቡን ዘረጋሁ። ትናንት "የለም" ያልኩበትን ሰርዤ የልጄን ስም ጻፍኩ። ጮክ ብዬም "ሃያ ስድስት!" አልኩ።

ያኔ አንድ ቁልፍ ሲዞር ተሰማ።

ነርሷ ነበረች። መንቶቿን በግራና በቀኝ ይዛለች፤ ዓይኗ ከእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል። "ሃያ ሰባት፣ ሃያ ስምንት" አለች ራሷ። አጠገቤ ስትደርስ "የልጅሽ ሹክሹክታ የቧንቧ ውሃ ይመስለኝ ነበር" አለችኝና አቀፈችኝ። ከዚያ ሌላ በር ተከፈተ። ሌላ። ከሦስተኛው ደርብ አንድ አባት ሕፃን በደረቱ ታቅፎ ወረደ። ደረጃ የማያውቁት ትንንሾቹ በመቀመጫቸው እየተንሸራተቱ፣ አንድ አንድ እርከን እየቆጠሩ መጡ። ፀሐዩ ዓይናቸውን ስለወጋቸው ሁሉም ዓይናቸውን ያጨናብሳሉ። ልጄና መንቶቹ ተያዩ። ከቤታቸው ውጭ እኩያ አይተው አያውቁምና አንዷ ጣቷን ዘርግታ የልጄን ጉንጭ በቀስታ ነካች፤ ልጄም የእሷን ነካች።

አሥራ ሰባት ልጅ ግቢው ውስጥ ቆመ። ድምፅ የለም። አንዱ አያለቅስ፣ አንዱ አይስቅ። ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ዝምታ ግን አላየሁም፤ አልሰማሁምም። እናቶቹ ሁሉ ያለቅሱ ነበር፤ እነሱም በለሆሳስ።

ባለ ፎቁ ባርኔጣውን አውልቆ በጣቱ ቆጠረ። ተሳስቶ ደግሞ ቆጠረ። ከዚያ አበባው መደብ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

"ይሄ ሁሉ... የት ነበር?"

"ከጭንቅላትዎ በላይ ነበር፣ ጌታዬ" አሉ ጋሽ ሳል።

ሰውየው ያን ቀን ማንንም ውጣ አላለም፤ በማግስቱም አላለም። አሥራ አራት ክፍል ባዶ አድርጎ ምን ሊሆን? እኔ ግን ሒሳቡ ብቻ አይመስለኝም። ስንወጣ እርጥብ ጫማውን ሳይሆን ልጆቹን ነበር የሚያየው።

መዝገቡ በአርባ ሁለት ተዘጋ። ከሦስት ወር በኋላ የድሮው የዱቄት መጋዘን ኖራ ተቀብቶ፣ ትንንሽ ወንበር ገብቶለት ማቆያ ሆነ። የመጀመሪያው ቀን በር ላይ ቆሜ አየሁ። የሌሎቹ ሰፈርተኞች ልጆች ገብተው ሲተራመሱ፣ የእኛዎቹ አሥራ ሰባት ጫማቸውን አውልቀው፣ ግድግዳውን ተደግፈው፣ በካልሲ ተደርድረው ቆሙ። አንዲት ወፍራም ሞግዚት ግራ ገብቷት "ምን አድርጋችኋቸው ነው እነዚህን ልጆች?" አለችኝ።

ልጄ መጥታ ጠራችኝ፤ ጎንበስ አልኩላት።

"እማ" አለች በሹክሹክታ፣ "እዚህ የሚያስለው ማን ነው?"

"እዚህ ማንም አያስልም፣ የኔ እናት።"

"ማንም?"

"ማንም።"

ወለሉን አየች። ጣሪያውን አየች። ከዚያ አፏን ከፍታ "አ" አለች፤ ትንሽዬ። በሩን ጠበቀች። የመጣ የለም። ደረቷን ሞላችና ጮኸች።

እኔ የጠበቅኩት ቀጭን ድምፅ ነበር፤ ያን ያህል ዘመን የሰማሁት ሹክሹክታ ቀጭን ስለሆነ። የወጣው ግን ወፍራም ነው፤ ትንሽ ሻካራ፣ እንደ አባቷ ከታች የሚመጣ ድምፅ። የራሷ ጩኸት አስደንግጧት ቆም አለችና አየችኝ። ደግማ ጮኸች። መንቶቹ ተከተሉ። አሥራ ሰባቱም ጮኹ፤ የሌሎቹ ልጆች መሯሯጣቸውን ትተው ዞረው አዩዋቸው፤ መስኮቱ ተርገፈገፈ። የበሩን ጠርዝ ይዤ ቆምኩ። ሦስት ዓመት ከአምስት ወር እናቷ ሆኜ የልጄን ድምፅ የሰማሁት ያኔ ነው።

"ኧረ ይቺ ልጅ ጆሯችንን በጠሰችው!" አለች ሞግዚቷ ወደ እሷ እየሄደች።

"ተያት" አልኳት። "እባክሽ፣ ትንሽ ተያት።"