ባለቤት ያጣው ግጥም

"ተቀመጡ እንጂ አባቶቼ፤ ምነው ቆማችሁ ቀራችሁ?" አለች የዓለምዘርፍ፣ በአንድ እጇ ነጠላዋን እያስተካከለች በሌላው አግዳሚውን እየጠረገች።

ሦስቱ ሽማግሌዎች አልተቀመጡም። ጋቢያቸውን አጣፍተው፣ ዱላቸውን ተደግፈው በሩ ሥር ቆመዋል።

"የመጣንበት ጉዳይ ካልተፈጸመልን አንቀመጥም" አሉ መሃል ላይ የቆሙት ካህን፣ መሪጌታ ገዳሙ።

የዓለምዘርፍ ልቧ ዘለለ። ልጃገረድ ባለችበት ቤት ሦስት ሽማግሌ መጥቶ አልቀመጥም ካለ፣ ነገሩ ምን እንደሆነ ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። በዚያ ላይ ሽማግሌዎቹን ከይጁቤ ደብረ ማርቆስ ድረስ ያመጣቸው የጌቾ አይሱዙ ከአጥሩ ውጭ ቆሟል። ጌቾ ራሱ ወርዶ፣ የሩፋኤል ዝናብ እያካፋበት፣ ምንም ያልሆነውን ጎማ በጫማው ጫፍ እየመታ ይመረምራል። ጌቾና ልጇ እስከዳር ከጥምቀት ወዲህ እንደሚፈላለጉ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አላወቀችም የምትባለው እናትየው ብቻ ናት፤ እሷም አውቃ ነው ያላወቀችው።

ወጉ ግን ወዲያው መፍቀድ አልነበረም። ወጉ ሽማግሌን "እስቲ ከዘመድ ልማከር" ብሎ፣ ሁለት ሦስቴ አመላልሶ፣ ደጅ አስጠንቶ እሺ ማለት ነው። የዓለምዘርፍ ባሏ ከሞተ ወዲህ የምትማከረው ዘመድ አልነበራትም። ደግሞም ባለ መኪና አማች ሲመላለስ መንገድ ላይ ሌላ በር ቢያንኳኳስ ብላ ሰጋች።

"ተፈቅዷል" አለች። "የመጣችሁበት ሁሉ ተፈቅዷል። ቁጭ በሉልኝ።"

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ከመሪጌታ በስተቀኝ የነበሩት አቶ ሙላት መንገድ ሙሉ ያዘጋጁት ንግግር ስለነበራቸው ቅር ሳይላቸው አልቀረም። ሦስተኛው፣ አቶ እንዳላማው፣ ቀድመው ተቀምጠው የቀረበላቸውን ጠላ ተቀበሉ።

"እግዚአብሔር ያክብርሽ" አሉ መሪጌታ። "እንዲህ በቀላሉ ያልቃል ብለን አልመጣንም። እንግዲያው ልጅሽ ነገ ይጁቤ ትመጣና፣ ድንጋይ ተሸክማ ከአቶ ባምላኩ እግር ላይ ትወድቃለች። ዓመቱ ሳይለወጥ ነገሩ ይብረድ።"

የዓለምዘርፍ ጣሳውን እንደያዘች ቀረች። በልቧ ለሙሽራዋ ቀሚስ ጨርቅ እስከ መምረጥ ደርሳ ነበር።

እስከዳር ከመጋረጃው ኋላ ተኝታ ሁሉንም ሰምታለች። ከምትዘፍንበት የባህል ቡድን ጋር ሰንብታ የገባችው ትናንት ማታ ነው፤ ድምፅዋ ተዘግቷል፣ እግሯ አብጧል። መጋረጃውን ገለጥ አድርጋ፣ ፀጉሯን በሻሽ እንዳሰረች ወጣች። የሽማግሌዎቹን ጉልበት ስማ ተነሣች። ከዚያ በኋላ ግን አልተቀመጠችም።

"ምን ብዬ ነው የምወድቀው፣ የኔታ?"

"ያንን ግጥም ስላልሽ ነዋ፣ ልጄ።"

"የትኛውን?" ብላ ጠየቀች የዓለምዘርፍ።

መሪጌታ አፋቸውን በግጥሙ ማሳደፍ አልፈለጉም። አቶ ሙላትም ጉሮሯቸውን ጠረጉ። አቶ እንዳላማው ግን የተጠየቁት እሳቸው መስሏቸው፣ ጣሳቸውን አስቀምጠው፣ አንድም ሳይሳሳቱ እንዲህ አሉ፦

*የወንድሙ መቃብር ሣር ሳያበቅል፣*
*ባምላኩ ገሠገሠ በሩን ሊነቅል።*

ዜማውን ጨምረውበት ነበር። አቶ ሙላት በክርናቸው ጎሸም አደረጓቸው።

ግጥሙ የተባለው በግንቦት፣ ይጁቤ ውስጥ በአንድ ሠርግ ድንኳን ነው። እስከዳር መሃል ላይ ቆማ ስታዜም አንድ ሰው ጠጋ ብሎ ብር ግንባሯ ላይ ለጠፈና "ተቀበይ" ብሎ በጆሮዋ ግጥሙን ነገራት። የሥራው ደንብ ይህ ነው፦ የሰጡትን ይቀበላል፣ የተቀበሉትን ያዜማል፤ አልልም ያለ አዝማሪ ሌላ ጊዜ አይጠራም። እስከዳር ባምላኩ ማን እንደሆነ እንኳ አታውቅም ነበር። ዘፈነችው። ድንኳኑ በሳቅ ሊፈርስ ደረሰ፤ ድገሚው ተባለች፣ ደገመችው።

በማግስቱ የሳቀ ሰው ጠፋ። ግጥሙ ግን አልጠፋም። ክረምቱን ሙሉ ከገበያ ገበያ ዞሮ፣ በመጨረሻ የእህል ነጋዴው አቶ ባምላኩ ከገዛ መጋዘናቸው፣ ጆንያ ከሚያወርዱት ወዛደሮች አፍ ሰሙት። ሽማግሌ መላካቸው ከዚያ በኋላ ነው። ሽማግሌ ብቻ አልላኩም። የባህል ቡድኑ ኃላፊ ባለፈው ሳምንት ለእስከዳር ደውሎ፣ ከአቶ ባምላኩ ጋር ካልታረቀች ለእንቁጣጣሽ መድረክ እንደማትወጣ፣ ለቋሚ ቅጥርም ስሟን እንደማያስተላልፍ ነግሯታል። ዓመቱን ሙሉ የለፋችው ለዚያ ቋሚነት ነበር።

እንዴት ያለ ዓመት ነበር እሱ። ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት፣ አገሩ ሁሉ ሚሊኒየም ሲል የከረመበት። በመስከረም አዲሱን ሺህ ዓመት በችቦ ስትቀበል ድምፅዋ ተዘጋ። በጥር ከሠርግ ሠርግ ስትጓዝ አይሱዙ ላይ ቁማ እንቅልፍ ለመደች። በጾሙ ከበሮ ሲቆም አረፍኩ ስትል ጤና ጽሕፈት ቤቱ ስለ አጎበር የሚነገር ጭውውት አስጠናት። ስለ ማዳበሪያ ዘፍናለች። ስለ ችግኝ፣ በሐምሌ ዝናብ፣ ችግኙም እሷም እየረጠቡ ዘፍናለች። ስለ መጸዳጃ ጉድጓድ የዘፈነችውን የሰፈር ልጆች እስካሁን ስታልፍ ይዘፍኑባታል፤ ጉድጓዱን ግን ማንም አልቆፈረም። ግጥሙ ሁሌ ተዘጋጅቶ ይመጣል፣ በኮምፒዩተር ተጽፎ፣ ማኅተም ተመቶበት። ሠርግ ላይ ደግሞ ከሰካራም አፍ ይመጣል። በዚያ ሁሉ ወር ከአፏ ከወጣው አንድም የራሷ አልነበረም፤ አሁን ድንጋይ ሲያሸክሟት ብቻ የሷ ሆነ።

"ግጥሙ የኔ አይደለም" አለች። ድምፅዋ የተሰነጠቀ ቢሆንም አልተንቀጠቀጠም። "ተቀበይ ተብዬ ነው።"

"ማን ሰጠሽ?" አሉ አቶ ሙላት። "መሰንቆ መቺው አንሙትን ጠየቅነው፤ አንገቴን ወደ መሰንቆዬ ደፍቼ ስለነበር አላየሁም አለ። ሙሽራውን ጠየቅነው፤ ሙሽራ ምን ያያል? አየሁ ያለ ሰው አጣን።"

"ብር ሲለጠፍ ሁሉም አይቷል። ሲስቁም ነበር። እርስዎም ነበሩ፣ አቶ ሙላት። የሳቁት እርስዎ አይደሉም?"

አቶ ሙላት ፈገግ አልኩ እንጂ አልሳቅኩም ብለው ተከራከሩ። መሪጌታ ነገሩን ለማርገብ፣ ይቅርታ ማንንም ትንሽ እንደማያደርግ፣ አቶ ባምላኩም ድንጋዩን ከትከሻዋ ቶሎ እንደሚያወርዱላት፣ ምናልባትም ቀሚስ እንደሚሸልሟት በለሆሳስ አስረዱ። እናቷም አስቀድማ ቃል ሰጥታለች፤ ቃል ደግሞ ቃል ነው። ይህን ሲሉ የዓለምዘርፍ መሬት መሬት አየች።

"የኔታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት" አለች እስከዳር። "ባምላኩ የሟች ወንድሙን ሚስት፣ የብርጓልን፣ የቆርቆሮ በሯን ከነማጠፊያው ነቅሎ ሲወስድባትና ውጪ ሲላት፣ ስንት ሽማግሌ ደጁ ላይ ቆመ?"

ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ በረታ፤ ውጭ ልጆች ራቁታቸውን እየተጠመቁ ይጮኻሉ።

"እሱ የቤተ ዘመድ ነገር ነው" አሉ አቶ ሙላት በመሪጌታ ፈንታ። "የውርስ ጉዳይ ነው፤ ሌላ ሰው አይገባበትም።"

"እሷስ ሽማግሌ አልለመነችም?"

"ለምና ነበር" አሉ መሪጌታ ዝቅ ባለ ድምፅ። "የእርሻ ወቅት ሆነና... ሳይመቸን ቀረ።"

እስከዳር የብርጓልን አንዴ አይታታለች። በነሐሴ ደብረ ወርቅ ላይ ዘፍና ስትወርድ አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት እጇን ይዛ፣ አፍሽን ይባርከው ብላ አለቀሰች። ማን እንደሆነች ሰዎች ነገሯት። ያን ጊዜም እስከዳር የመለሰችላት ይህንኑ ነበር፦ ግጥሙ የኔ አይደለም፣ ሰው ሰጥቶኝ ነው። ሴትየዋ እጇን ለቀቀች። ያ እጅ መልቀቅ እስከ ዛሬ ያናድዳታል፤ በማን እንደምትናደድ ግን አላወቀችም ነበር።

የዓለምዘርፍም የምታስታውሰው ነገር ነበራት። ባሏ የሞተ ሰሞን የባሏ ወንድሞች መጥተው፣ እያለቀሱ፣ የቤቱን ቆርቆሮ በዓይናቸው ሲቆጥሩ አይታለች። ከአጠገቧ ቆሞ "ተዉ" ያለ ሰው አልነበረም። ይህን ለማንም አልተናገረችም፤ አሁንም አልተናገረችም። ለአቶ እንዳላማው ልትቀዳ ያነሣችውን ጠላ ብቻ ሳትቀዳ መልሳ አስቀመጠችው፤ አቶ እንዳላማው ባዶ ጣሳቸውን ወደ ብርሃን አዘንብለው አዩት።

እስከዳር ወደ በሩ ሄደች።

"ጌቾ፣ ና ግባ።"

"ጫማዬ ጭቃ ነው" አለ ጌቾ ከአጥሩ ውጭ።

"ግባ አልኩህ።"

ገባ። በሩ ሥር፣ ቅድም ሽማግሌዎቹ የቆሙበት ቦታ ላይ ቆመ። የቆዳ ጃኬት ለብሷል፤ የመኪናው ቁልፍ ጣቱ ላይ ይሽከረከራል። የዓለምዘርፍ በልማዷ "ኖር" ልትለው አስባ ተወችው።

"ለአባቶች ንገራቸው" አለች እስከዳር። "ይጁቤ ሠርግ ላይ ብር ግንባሬ ላይ ለጥፈህ በጆሮዬ የነገርከኝን ንገራቸው።"

ቁልፉ መሽከርከሩን አቆመ። ጌቾ አቶ ሙላትን አየ፣ ከዚያ መሪጌታን፣ ከዚያ ጭቃ ጫማውን። የአቶ ባምላኩን ጤፍ ወደ አዲስ አበባ የሚያመላልሰው እሱ ነው፤ ያ ጭነት ቢቀርበት አይሱዙው አጥር ሥር ቆሞ ዶሮ ይሰፍርበታል። ይህን ቤቱ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም።

"እኔ እንኳ..." አለ። "ያን ቀን ሞቅ ብሎኝ ነበር። ሰጠሁሽ እንዴ? ብር መለጠፉንስ ለጥፌያለሁ፤ ግጥም መስጠቴን ግን እንጃ።"

"ሰጠህ ወይስ አልሰጠህም?" አሉ መሪጌታ።

ጌቾ ቁልፉን ኪሱ ከተተ።

"አልሰጠሁም" አለ።

ከዚያ ወደ እስከዳር ጠጋ ብሎ ድምፁን ቀነሰ፤ ቤቱ ግን ጠባብ ስለሆነ ሁሉም ሰማ። "ምን አስቸገረሽ? አንድ ጊዜ ወድቀሽ ተነሺ፣ ያልቃል። ሥራሽም ቋሚ ይሆናል። መስከረም ሲጠባ እኔም የራሴን ሽማግሌ እልካለሁ፤ ያኔ ማን ያስታውሰዋል?"

እናቷ ሽማግሌዎቹ ሲገቡ የጠበቀችው ቃል ይህ ነው። በጭቃ ጫማ፣ በሹክሹክታ መጣ። እስከዳር ፊቱን አይታ ልትስቅ ምንም አልቀራት። ቁጣው ግን ሳቁን ቀደመው፤ ከሆዷ ተነሥቶ የተዘጋ ጉሮሮዋን እንደ ሙቅ ውኃ ሲከፍተው ተሰማት። ወደ ሽማግሌዎቹ ዞረች።

"ሰማችሁ? እሱ አልሰጠኝም። አንሙት አላየም። አቶ ሙላት አልሳቁም። እንግዲህ ግጥሙ ሰጪ የለውም።"

"እና?" አሉ አቶ ሙላት።

"እና የኔ ነው። እኔ ነኝ ያልኩት።"

"ቅድም የኔ አይደለም ስትይ አልነበር?"

"ቅድም ባለቤት ያለው መስሎኝ ነው። አሁን ወስጄዋለሁ። ከዛሬ ጀምሮ ማን ገጠመው ያለ ሰው ካለ፣ እስከዳር ገጠመችው በሉ። ለየብርጓልም ልኬ አስነግራታለሁ። ውሸት ብዬ ቢሆን ድንጋዩን ተሸክሜ በእግሬ ይጁቤ ድረስ እሄድ ነበር። ውሸት ነው የሚል አለ?"

አቶ እንዳላማው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ አዎን ይሁን አይደለም አልለየም።

"ሥራውስ?" አሉ መሪጌታ። አነጋገራቸው የማስፈራራት አልነበረም፤ ያሳሰባቸው ይመስላል። "ዓመት ሙሉ የለፋሽበት ነው አሉ።"

"ይቅር፣ የኔታ።" ይህን ስትል ብቻ ድምፅዋ ትንሽ ተሰበረ። "ስለ መጸዳጃ የሚዘፍን ሌላ ሰው አያጡም።"

ጌቾ መኪናውን ላሙቅ ብሎ ወጣ። ተከትሎት የወጣ ዓይን አልነበረም። አቶ ሙላት ጋቢያቸውን እያጣፉ ተነሡ፤ ፊታቸው ቀልቷል። አንዲት ሴት አስቀድማ ተፈቅዷል ብላ ስታበቃ እንዲህ ያለ ነገር በዕድሜያቸው እንዳልገጠማቸው፣ ሽማግሌን ማዋረድ እንዲህ ከተማ ውስጥ እንደ ተጀመረ፣ እንደሚባባስም ተናገሩ። መሪጌታ መስቀላቸውን አወጡና እስከዳርን አሳለሟት፤ ከወትሮው ዘግየት አድርገው።

በሩ ላይ ሲደርሱ አቶ ሙላት ወደ እናትየው ዞሩ።

"የዓለምዘርፍ፣ ባምላኩ ቁጭ ብሎ መልስ እየጠበቀ ነው። ቃል የሰጠሽው አንቺ ነሽ። ምን ብለን እንንገረው?"

የዓለምዘርፍ ጣሳዎቹን አንዱን በአንዱ ላይ እየደራረበች ነበር። ቀና አላለችም።

"የልጄ ድምፅ እስከ እንቁጣጣሽ ይሻለዋል" አለች። "ግጥሙን በደንብ ሳይሰማ ቀርቶ እንደሆነ፣ መጥታ ትደግምለታለች በሉት።"