የሻምፒዮኑ አውራ ጣት

«አልጋ ሥር ነው እንጂ የትም አልሄደም» አለች እህቷ፣ ጉንጯ ወለሉን እስኪነካ አጎንብሳ። «ግድግዳው ጋ ተወሽቋል። መጥረጊያውን አምጪልኝ።»

«ተዪው» አለች ልብስ ሰፊዋ።

ባሏ ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነው። የቀኝ እግር የቤት ጫማው አልጋው አጠገብ ጓደኛውን ይጠብቃል፤ ግራው እንደ ልማዱ ተወርውሮ ገብቷል። ሰውዬው በሕይወት ሳለ በየማለዳው በመጥረጊያ እንጨት ጎትታ የምታወጣለት እሷ ነበረች። አንድ ቀን መጥረጊያው ቢጠፋባት ከሳሎን ግድግዳ አንዱን የጎልፍ ዱላ ልታወርድ እጇን ስትዘረጋ፣ ባሏ ቤት የተቃጠለ ይመስል ጮኸ። «የሻምፒዮኑን! ያውም ያለ ጓንት!»

ግድግዳው ላይ አሥራ አራት ዱላ ተሰቅሏል፤ ሁሉም የስመ ጥር ተጫዋቾች ነበሩ ይባላል። የሁሉ አለቃ የመጀመሪያው ነው። ከቆዳ እጀታው ላይ የሻምፒዮኑ አውራ ጣት የቦረቦራት ትንሽ ጎድጓዳ ቦታ አለች። እሱን ለመግዛት ከእናቷ የወረሰችው የስፌት መኪና ተሸጠ። «ለጊዜው ነው» ብሏት ነበር። ጊዜው አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነ፤ የሰው ሱሪ በእጇ ስትጠቅም ጣቷ ወንፊት መሰለ። ግን ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም። እሑድ እሑድ የባሏ ጓደኞች ሲመጡ ነጭ ጓንት አጥልቃ ዱላዎቹን እያወረደች ታሪካቸውን የምትተርክ ራሷ ነበረች። ባሏ ዓመት ሲሳሳት እንኳ ታርመው ነበር።

ወጥ ቤት ገብታ ሲኒ ስታጥብ ባሏ ዱላዎቹን የሚያስጸዳበት የጎልፍ ሜዳው ዱላ ጠጋኝ ተከትሏት ገባ። ከሥጋ ዘመድ ብሶ ሲያለቅስ የዋለ ሰው ነው።

«እትዬ፣ ጥርስ ሐኪሙ የሻምፒዮኑን ዱላ ለማስታወሻ ሊለምንዎ ነው። ሰው ፊት ታሪኩን ሊያስተርክዎ። እኔ ከዚህ በላይ አልችልም።»

«ምኑን ነው የማትችለው?»

«ተራ ዱላ ነው። ሻጩ አታሏቸው ነው። ላጸዳው ሲያመጡልኝ እኔው ነገርኳቸው። መሥሪያ አግዳሚዬ ላይ ቁጭ አሉና ‹የስፌት መኪናዋን እኮ ነው የሸጠችልኝ፣ ምን ብዬ እነግራታለሁ?› አሉ።»

«አውራ ጣቱስ?»

ጠጋኙ የራሱን አውራ ጣት አየ። «በብርጭቆ ወረቀት ነው። እርስዎ እንዲያምኑ ብለው።»

«አሥራ ሦስቱስ?»

«አንዱ ብቻውን ቢሆን እንዳያጋልጣቸው ብለው... በሻይ ቅጠልና በኮምጣጤ አስረጀኋቸው።»

«ጓደኞቹ ያውቃሉ?»

ጠጋኙ የታጠበ ሲኒ አንስቶ እንደገና ማጠብ ጀመረ።

ሳሎን ስትመለስ ጥርስ ሐኪሙ ከወንበሩ ተነሣ። የባሏ የልብ ወዳጅ ነው፤ አንድም እሑድ አልቀረም።

«እትዬ፣ እንደ ወንድሜ ነበር። እንዲያው ለማስታወሻ ያህል፣ የሻምፒዮኑን...»

«ጓንት ያጥልቁ» አለችው።

አጠለቀ። ዱላውን አራስ ልጅ እንደሚታቀፍ በሁለት እጁ ተቀበለ። «እስቲ ለለቅሶ ደራሾቹ ታሪኩን ይንገሯቸው፤ እንደ እርስዎ የሚያውቀው የለም።»

ነገረቻቸው። ዝናቡን፣ ዋንጫውን፣ የመጨረሻዋን ምት፣ አንድም ሳታስቀር። አውራ ጣቱ ላይ ስትደርስ የሐኪሙ ከንፈር ጫፍ በታፈነ ሳቅ ተንቀጠቀጠ። ወዲያው ፊቱን አዞረና ኡሁ ኡሁ ብሎ ሳለ።

ያችን ሳል ታውቃታለች። ለዚያች ሳል በየእሑዱ ስንት ሻይ በማር አፍልታ አቅርባለች!

«ያ ሳልዎ እስከ ዛሬ አልተሻለዎትም» አለች።

ሐኪሙ ዓይኑን ምንጣፉ ላይ ጣለ። ልብስ ሰፊዋ ዱላውን ከእጁ ወሰደች፤ በባዶ እጇ። መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች፣ ተንበረከከችም።

«ለእነሱ ነግረህ» አለች ወደ አልጋው ሥር፣ «ለእኔ?»

ዱላውን አስገባች። የብረቱ ቁልምም የጫማውን ተረከዝ ለዚሁ የተሠራ ይመስል ያዘው። ጎትታ አወጣችው፣ አቧራውን በቀሚሷ ጠረገች፣ ከቀኙ ጎን አድርጋ፣ ከአልጋ የሚወርድ እግር ሳይፈልግ እንዲያገኘው አስተካክላ አስቀመጠችው።