የመጋዙ ሌላኛ ጫፍ

ሁንዴሳን ያሳሰረው ሕግ ትክክለኛ ሕግ ነው። ዋንዛ መቁረጥ ክልክል ነው፤ የደን ጠባቂ ሆኖ መቁረጥ ደግሞ የባሰ ነው። ራሱ ሁንዴሳ ለአንዲት ቅርንጫፍ ጎረቤቱን ከሶ ያውቃል። እኔን ያንገበገበኝ ሕጉ አይደለም፣ የሰፈራችን ሰው ዝምታ ነው።

ሐምሌ ላይ ባለቤቴን ኑኃሚንን ምጥ ያዛት፤ ደምም ይፈሳት ጀመር። አምቡላንስ የሚገኘው ከወንዙ ማዶ፣ ወደ ሁሩሙ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ጎረቤቶቼ በቃሬዛ ተሸክመዋት ወንዙ ዳር ስንደርስ ድልድዩ የለም፤ ጎርፍ ጠርጎት ሄዷል። እኔ የታሪክ መምህሩ፣ ስንቱን ጦርነት በቃሌ የምዘረዝረው ሰውዬ፣ ጭቃው ላይ ተዘርፍጬ እንደ ሕፃን አለቀስኩ። ኑኃሚን ስጠራት አቤት ማለት አቁማ ነበር።

የሁንዴሳ የጥበቃ ጎጆ እዚያው ዳር ላይ ናት። መጣ፣ አያት፣ ተመልሶ ገባ። ሲወጣ ከጣውላ ሌቦች ቀምቶ ያስቀመጠውን ትልቅ መጋዝ ይዟል፤ ሁለት ሰው በግራና በቀኝ ይዞ የሚስበውን ዓይነት። ዳሩ ላይ ከቆመው አሮጌ ዋንዛ ሥር ተንበረከከና «አንድ ሰው ይምጣ!» ብሎ ጮኸ። ከተሸካሚዎቹ መካከል ኦሊ ሮጦ ሌላኛውን ጫፍ ያዘ። እነሱ ሲስቡ እኔ የባለቤቴን እጅ ይዤ «አምላኬ፣ ወደ ማዶ ጣለው» እያልኩ እለምናለሁ። ወደ ጎን ቢወድቅ አልቆልን ነበር። ወደ ማዶ ወደቀ። በግንዱ ላይ አሻግረናት መቱ ሆስፒታል ደረሰች፤ እሷም ሴት ልጃችንም ተረፉ።

ሁንዴሳ በሳምንቱ ታሰረ። መጋዙን ከማን ጋር እንደሳበ ሲጠየቅ «ብቻዬን ነኝ» አለ። ያንን መጋዝ ብቻውን የሚስብ ሰው አልተወለደም፤ ስለዚህ የደበቀው ጣውላ ነጋዴ አለ ተባለ። «ሚስቴን ለማዳን ነው የቆረጠው» ብዬ የሰጠሁትንም ምስክርነት ዐቃቤ ሕጉ «የተጠቀመው እሱ ነው፣ ምን ይበል?» ብሎ አጣጣለው። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል።

ኦሊ ቤት ሄድኩ። ሚስቱ ዲሪቤ ወሯ ገብቶ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣለች።

«አንድ ቃል ብቻ ነው፣ ኦሊ! ‹እኔ ነበርኩ› በል።»

«ባርሲሳ» አለኝ፤ መምህር ማለቱ ነው። «እኔ ከታሰርኩ እሷን ማን ይሸከማታል?»

ወጥቼ ሄድኩ። የቀሩትም ተሸካሚዎች በራቸውን ገርበብ አድርገው አናገሩኝ። ተናድጄ ተሳደብኩ፣ እግራቸው ላይም ወደቅኩ፤ ጠብ ያለ ነገር የለም።

የሁንዴሳ ቤተሰብ ርቆ ቡሬ ስለሚኖር ስንቅ የማመላልስለት እኔ ነኝ። አንድ ቀን እንዲጽናና ብዬ የፕሮሜቴዎስን ታሪክ ነገርኩት። የግሪኮቹ አማልክት አለቃ ዜውስ እሳትን ከሰው ልጅ ከልክሎ ነበር፤ ፕሮሜቴዎስ ግን ሰው በብርድ ሲያልቅ አንጀቱ አልችል ብሎት ሰርቆ ሰጠ። ለዚህም ከቋጥኝ ጋር በሰንሰለት ታሰረ፤ ንስርም በየቀኑ እየመጣ ጉበቱን ይበላዋል።

ሁንዴሳ ጉርሻውን አላምጦ ዋጠ።

«ስንቅ ማን ያመላልስለት ነበር?»

«ምን?»

«እሳቱን የተቀበሉት ሰዎችስ የት ሄዱ? አንዱ እንኳ አልጠየቀውም?»

«እንጃ፣ መጽሐፉ አይናገርም።»

«አይ ግሪኮችህ!» ብሎ ሳቀ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም፤ ስንት ቀን ስመላለስ ከሰፈራችን ሌላ ሰው እስር ቤቱ በር ላይ አይቼ አላውቅም።

የመጨረሻው ቀጠሮ ቀን ግን ተሸካሚዎቹ ሁሉም መጡ። ከኋላ ተደርድረው አንገታቸውን ደፉ። ዐቃቤ ሕጉ ግንዱ ኤግዚቢት ስለሆነ ከወንዙ ላይ ተነስቶ በጨረታ ይሸጥ ብሎ ጠየቀ። ዳኛዋ ሁንዴሳን የሚለው ነገር እንዳለ ጠየቁት። ልጆች አሉኝ፣ ቅጣት ይቅለልልኝ ይላል ብዬ ጠበቅኩ።

«ለራሴ የምለው የለኝም» አለ በኦሮምኛ። «እኔን እሰሩኝ። ዛፉን ግን ክረምቱ እስኪወጣ አታንሱት። በእኛ ዳር ወሯ የገባ ሴት አለች።»

 ከኋላ አንድ ሰው ሲነሳ አግዳሚው ተንቋቋ። ኦሊ ነው።

«መጋዙን አብሬው የሳብኩት እኔ ነኝ።»

ያን ሁሉ ጊዜ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቀው ሁንዴሳ ዞሮ ጮኸበት። «ቁጭ በል! አንተን ማን ጠየቀህ? ዲሪቤን ማን ሊሸከማት ነው?»

ፖሊሱ ወደ ኦሊ ተራመደ። ተነሳሁ።

«እኛ» አልኩ። ከኋላዬ ሌላ የተነሳ ሰው ይኑር አይኑር ዞሬ ለማየት ግን ፈራሁ።